የአዘጋጆችን ትምህርት ቤት የከፈተው ሜየርሆልድ

ጊዜው እ.አ.አ 1896 ነው። በሞስኮ ከተማ አንድ የ22 ዓመት የሕግ ተማሪ ከፈታኞች ፊት ቆሟል። የፊልሃርሞኒክ ማኅበር የድራማ ትምህርት ቤት እንዲቀበለው የሚያመለክተው በቃሉ በሚያሰማው ንግግር ነው። የመረጠው ኦቴሎ በሸንጎ ፊት ራሱን የሚከላከልበትን ክፍል ነበር፤ ተውኔቱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ ተመልካችም እንግዳ አይደለም። ፈታኞቹ አዳመጡት፤ አንደኛ ዓመትን አሳልፈውም በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዓመት አስገቡት። ወጣቱ ፍሴቮሎድ ሜየርሆልድ ይባላል።

ሜየርሆልድ የተወለደው እ.አ.አ በ1874 በሩሲያ ፔንዛ ከተማ ከጀርመን ዘር ከመጣ ቤተሰብ ነው። አባቱ የአረቄ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ልጁ ግን ለንግዱም ለትምህርቱም እምብዛም አልኾነም፤ ሁለተኛ ደረጃን ሲማር ሦስት ጊዜ ክፍል ደግሟል። በ1895 ትምህርቱን ሲጨርስ ሃይማኖቱን ወደ ኦርቶዶክስ፣ ዜግነቱን ወደ ሩሲያ ቀየረ። ስሙንም ለወጠ፤ ካርል መባሉ ቀርቶ በሚወደው ደራሲ በጋርሺን ስም ፍሴቮሎድ ተባለ። ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊያጠና ገባ፤ ልቡ ግን ከሕጉ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቫዮሊን ለመጫወት ተወዳድሮ መውደቁንም በኋላ ለወዳጆቹ ያጫውታቸው ነበር። ያን ፈተና ቢያልፍ ኖሮ ምናልባት ቴአትር አንድ ታላቅ ሰው ባጣ ነበር።

በድራማ ትምህርት ቤቱ የገባበት በር የተዋናይ በር ነበር። ሌላ በር አልነበረምና። ተውኔት በወረቀት ላይ ሳለ ገና ቴአትር አይደለም፤ ማን ከየት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ መድረኩ ምን እንደሚመስል፣ ዝምታው የት ላይ እንደሚረዝም የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው አዘጋጅ ይባላል። በዚያ ዘመን በሩሲያ አዘጋጅ መኾን የሚሻ ወጣት የሚያመለክትበት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አልነበረም። ሙያው የሚገኘው ከመድረክ ጀርባ በመዋል፣ የታላላቆችን እጅ በማየት ነበር።

ሜየርሆልድም እንዲሁ አደረገ። በ1898 ከመምህሩ ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር አዲስ ወደተቋቋመው የሞስኮ አርት ቴአትር ገባ። በስታኒስላቭስኪ ሥር ለአራት ዓመታት ተዋናይ ኾኖ ሠራ፤ በቼኾቭ ሲጋል ተውኔት ውስጥ የወጣቱን ደራሲ ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። በ1902 ግን ከሞስኮ ወጥቶ በደቡብ ወደምትገኘው ኼርሶን ከተማ አቀና። የክፍለ ሀገር ተመልካች ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አንድን ተውኔት ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ ሌላ ይሻል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ተውኔቶችን ለማዘጋጀት ተገደደ። እርሱ ሊያመለክትበት ያልቻለው ትምህርት ቤት ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ስሙ ገነነ። በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትሮች አዘጋጅ ኾነ። አብዮቱ ሲመጣ ከቀደሙት የመድረክ ሰዎች ፈጥኖ የተቀበለው እርሱ ነው፤ በ1918 የቦልሼቪክ ፓርቲ አባል ኾነ። በዚያው ዓመት በፔትሮግራድ አዘጋጆችና የመድረክ ሠዓሊዎች የሚሠለጥኑበት ኮርስ ከፈተ። በ1921 ደግሞ በሞስኮ የመንግሥት ከፍተኛ የአዘጋጅነት ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የሚመራውም እርሱ ነበር። ሩሲያ ከእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ እህል የለም፤ ማገዶ የለም። የወታደር ካፖርታቸውን ያላወለቁ ወጣቶች ግን አዘጋጅ ልንኾን እንሻለን ብለው ለፈተና ተሰለፉ።

ከተሰለፉት አንዱ ሰርጌይ አይዘንስታይን ነበር። 23 ዓመቱ ነው። አባቱ መሐንዲስ ነበሩና እርሱም የሲቪል ምሕንድስና ጀምሮ ነበር፤ በቀይ ጦር ለማገልገል ሲል ትምህርቱን ያቋረጠ ነው። አብሮት የተፈተነው ሰርጌይ ዩትኬቪች ከዓመታት በኋላ በጻፈው ትዝታ መሠረት ተፈታኞች ስድስት ሰዎች አንዱን ሲያሳድዱ በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚታዩ በሰሌዳ ላይ እንዲነድፉ ተጠይቀዋል። ጥያቄው ብልኅ ነው። የሚመዝነው ድምፅና ቁመና፣ ወይም የተሸመደደ ንግግር አይደለም፤ ሰውን በቦታና በጊዜ ውስጥ ማሰማራት የሚችል ዐይንን እንጂ። ከ25 ዓመታት በፊት ሜየርሆልድን ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀውም ነበር። አይዘንስታይንም ዩትኬቪችም አለፉ።

ሜየርሆልድ ግን ለጋስ መምህር ብቻ አልነበረም። አይዘንስታይን በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ትምህርቱ አስማት እንደነበርና ከክፍል ሲወጡ በእጅ የሚጨበጥ ነገር እንደማይቀር ያስታውሳል፤ መምህሩ የሙያውን ምሥጢር ይሰስት ነበር። ምሥጢሩ የተገለጠለት በ1922 የኢብሰን ተውኔት ኖራ በጥድፊያ ሲዘጋጅ ለሦስት ቀናት ልምምዱን ቆሞ በማየት ነው። የመምህርና ተማሪ ግንኙነታቸው ብዙ አልቆየም። ተማሪው ቅሬታውን ይዞ ወደ ራሱ ሥራ ሄደ፤ በ1925 ባትልሺፕ ፖቴምኪን በተሰኘው ፊልሙ በዓለም ታወቀ።

ሜየርሆልድ በ1926 የጎጎልን ኢንስፔክተር ጀነራል ባልተለመደ መንገድ አዘጋጅቶ ዝናውን አገነነ። የስታሊን ዘመን ሲከፋ ግን ይህ ያልተለመደ መንገድ ወንጀል ኾነበት። ሥራው ለሕዝብ ባዕድ ነው ተባለ፤ በጥር 1938 ቴአትሩ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ሲሸሹት ሥራ የሰጠው የቀድሞ አለቃው ስታኒስላቭስኪ ነው፤ እርሱም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞተ። በሰኔ 1939 ሜየርሆልድ በሌኒንግራድ ታሠረ። በቀጣዩ ወር ሚስቱ፣ ተዋናይቷ ዚናይዳ ራይኽ፣ በቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ተገደለች። የ65 ዓመቱ አዛውንት በምርመራ ተደብድቦ የውጭ ሀገር ሰላይ ነኝ ብሎ ፈረመ፤ ኋላም ቃሉን የሰጠው በድብደባ እንደኾነ ገልጾ ለመንግሥት ባለሥልጣናት ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። የካቲት 2 ቀን 1940 በጥይት ተደበደበ። በ1955 የሀገሪቱ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ።

ቤቱ ውስጥ የልምምድ ማስታወሻዎች፣ ደብዳቤዎችና የመድረክ ንድፎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የታሠረ ሰው ወረቀት ማስቀመጥ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። የራይኽ ልጅ ታትያና ሰነዶቹን የሚረከባት ሰው ስትፈልግ እሺ ያላት አይዘንስታይን ነበር። ከሞስኮ ወጣ ብሎ ክራቶቮ በሚገኘው የገጠር ቤቱ ደበቃቸው፤ በ1948 እስኪሞት ድረስም ጠበቃቸው። ዛሬ የሜየርሆልድን ሥራ የሚያጠና ሁሉ ከመንግሥት ቤተ መዛግብት አውጥቶ የሚያገላብጣቸው አብዛኞቹ ወረቀቶች እነዚያ ናቸው።