ቻርልስ ዳርዊን በልጁ አልጋ አጠገብ

በአፉላ ኢሊት፣ አያትና እናት በአንድ ቤት ውስጥ በሚሰነብቱበት የአራስነት ወቅት ከማይቀሩት ክርክሮች አንዱ የሕፃን ለቅሶ ነው። አያት ሕፃኑ ገና መነጫነጭ ሲጀምር ከአልጋው አንሥተው ያዝሉታል፣ እሹሩሩ ይሉታል። ወጣቷ እናት ደግሞ እቅፍ ለምዶ ነው፣ ማኒፑላጽያ እያደረገብን ነው፣ ትንሽ ይተዉት ትላቸዋለች። አያት ይገረማሉ። የሁለት ወር ልጅ ሰውን የሚያታልለው በምን ችሎታው ነው?

ይህን ጥያቄ ደብተርና ሰዓት ይዘው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። የእሱ ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን ቤት ወዲያው ዝንጀሮም ይነሣል። ስለዚያኛው ዳርዊን ለባግሩት ያጠናችሁት ይበቃችኋል። እዚህ የምናወራው ስለ አሥር ልጆች አባት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዳርዊን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በእንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ሐኪም ነበር። እናቱን በ8 ዓመቱ አጣ። በ16 ዓመቱ እንደ አባቱ ሐኪም እንዲሆን ወደ ኤድንብራ ተላከ። እዚያ ሁለት ቀዶ ሕክምናዎችን ቆሞ ተመለከተ፤ አንደኛው በሕፃን ላይ የተደረገ ነበር። ጊዜው ማደንዘዣ ገና ያልታወቀበት ስለነበረ የታማሚውን ስቃይ መገመት አያዳግትም። ዳርዊን ሥራው ሳያልቅ ጥሎ ወጣ፤ ወደዚያ ክፍልም ዳግመኛ አልተመለሰም። ያየው ነገር ለብዙ ዓመታት እንዳሳደደው በስተርጅናው ጽፏል። የሕክምናው ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ካምብሪጅ ገባ። ዲሴምበር 27 ቀን 1831 ቢግል በምትባለው መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን ለመዞር ተነሣ፤ የተመለሰውም በ1836 ነው። ጉዞውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው በ1838 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ጄኒ የምትባል ኦራንጉታን ለማየት መሄዱን ነው። ጠባቂዋ ፖም አሳያትና ከለከላት። ጄኒ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሯን እያወራጨች፣ ልክ እንደ ተቆጣ ልጅ አለቀሰች። ጠባቂው ዝም ካለች ፖሙን እንደሚሰጣት ነገራት። ለቅሶዋን ለመግታት ታገለች፣ ተሳካላት፣ ፖሙንም አገኘች። ዳርዊን ነገሩን እየተደነቀ ለእኅቱ በደብዳቤ ጻፈላት። ያን ጊዜ ገና ወንደላጤ ነበር።

በ1839 መጀመሪያ የአክስት ልጅ ያህል ቅርቡ የሆነችውን ኤማ ዌጅዉድን አገባ፤ የእናቱ ወንድም ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27፣ ቢግል ከወደብ ከተነሣች ልክ በ8ኛው ዓመት፣ በኩሩ ዊሊያም ተወለደ። አባትየው ወዲያው አዲስ ደብተር ከፈተ። ልጁ መቼ እንዳነጠሰ፣ መቼ ዓይኑን ሻማ ላይ እንደተከለ፣ መቼ እንደሣቀ እየመዘገበ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የተከበረ ወንድ ሕፃን ልጅ አልጋ ሥር ተቀምጦ ለቅሶ ሲቆጥር መዋሉ እንግዳ ነገር ነበር፤ እኛም ዘንድ ቢሆን ለወንድ ልጅ የሚመሰገን ሥራ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን ይጮኻል እንጂ እንባ አያወርድም። ዳርዊን ይህን ያስተዋለው በአጋጣሚ ነው። ከልጆቹ አንዱ 77 ቀን ሲሆነው የአባትየው የኮት እጅጌ ዓይኑን ነካው። የተነካው ዓይን እንባ አፈሰሰ፤ ልጁ አምርሮ ቢጮኽም ሌላው ዓይኑ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። የዚያ ልጅ እንባ ጉንጩ ላይ የወረደው በ139ኛው ቀን ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ዳርዊን የዓይን ሐኪሞችንና ሊቃውንትን እየጻፈ ጠየቀ። የደረሰበትም ሐሳብ ይህ ነው፤ ሕፃን ሲጮኽ በዓይኑ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ዓይኑን ከደም ግፊት ለመከላከል ይጨማደዳሉ፣ እንባም ከዚያ ጭምቅ ይወጣል።

ወደ አያትና እናት ክርክር የሚያደርሰን ግን ስለ ዊሊያም ድምፅ የጻፈው ነው። ዊሊያም 11 ሳምንት ሲሞላው የረሃብ ለቅሶውና የሕመም ለቅሶው ተለያየ፤ የሚሰማው ሰው መለየት ቻለ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ለማሳየት ሆን ብሎ ለቅሶ መጀመርን፣ ፊቱንም ለዚያ እንደሚስማማ መጨማደድን ተማረ። ወጣቷ እናት ይህን ብታነብ ይኸው ሆን ብሎ ነው ማለቷ አይቀርም።

ሆን ብሎ ማልቀስና ማታለል ግን አንድ አይደሉም። ልጁ የፈለገውን በለቅሶ ከጠየቀ፣ የጠየቀውንም በእውነት ከፈለገ፣ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? መታቀፍ መፈለግም መፈለግ ነው። እዬዬም ሲደላ ነው የሚለው ተረታችን ለአዋቂ ይሠራ ይሆናል፤ የ11 ሳምንት ልጅ ግን ከእዬዬ በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም። ዳርዊንም ነገሩን በዚሁ ዓይን ያየው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለቅሶውን የመዘገበው ስለ ንግግር አጀማመር በሚያትትበት ክፍል እንጂ ስለ ጠባይ በሚናገርበት ክፍል አይደለም። ዊሊያም ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው ለምግብ ሁሉ «መም» የሚል ቃል ከራሱ ፈጠረ። ከዚያ ወዲህ ሲርበው በማልቀስ ፈንታ በዚህ ቃል ይጠይቅ ጀመር። ቃሉ የለቅሶውን ሥራ ተረከበ ማለት ነው።

በደብተሩ ውስጥ በለቅሶ ያስመሰለ ሰው ካለ ሞግዚቷ ናት። ዊሊያም 6 ወር ከ11 ቀን ሲሆነው ሞግዚቷ የምታለቅስ መሰለች። ሕፃኑ ፊቱ አዘነ፣ የአፉ ጫፎች ወደ ታች ወረዱ። ዳርዊን ይህን የርኅራኄ ምልክት አድርጎ መዘገበው።

የልጁ ማታለል የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ዊሊያም 2 ዓመት ከ7 ወር ተኩል ሲሆነው ዓይኑ እያበራ፣ ሁኔታው ሁሉ እንግዳ ሆኖ፣ ከምግብ ክፍል ሲወጣ አባቱ አገኘው። ገብቶ ሲያይ ልጁ የተከለከለውን ስኳር ቀምሶ ኖሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሽርጡን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሲወጣ ተገናኙ። ምንም የለም አለ፣ አባቱንም ደጋግሞ ሂድ አለው። ሽርጡ ሲገለጥ በኮምጣጤ ውኃ፣ እኛ ሐሙጺም በምንለው ነገር ጭማቂ፣ ተበክሎ ተገኘ። ዳርዊን ይህን በጥንቃቄ የታሰበበት ማታለል ሲል መዘገበው። ልብ በሉ፤ ልጁ አላለቀሰም። ለማታለል ቃል፣ የሚሰወር ነገር፣ አባቱ የማያውቀውን እሱ እንደሚያውቅ መረዳት አስፈለገው። አባትየውም አልገረፈውም። በደግ ስሜቱ ብቻ እየተመራ ስላደገ ብዙም ሳይቆይ ግልጽና እውነተኛ ልጅ እንደሆነ ጽፏል።

የዳርዊን ቤት የደስታ ብቻ አልነበረም። በ1842 የተወለደችው ሜሪ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ኖረች። አኒ በ1851 በ10 ዓመቷ ሞተች፤ ከዚያ ሐዘን ሙሉ በሙሉ የተነሣ አይመስልም። የመጨረሻው ልጅ ትንሹ ቻርልስ መናገርም መራመድም ዘግይቶበት ነበር። አባቱ ጭን ላይ ተኝቶ ፊት ፊቱን እያየ ለረዥም ጊዜ ይቆይ እንደነበር ዳርዊን ጽፎለታል። ያ ሕፃን በጁን 1858 ሞተ። በጁላይ 1 ለንደን ውስጥ የዳርዊን ሐሳብ ለሊቃውንት ሲነበብ እሱ በስፍራው አልነበረም፤ ልጁን እየቀበረ ነበር።

በ1872 ሰውና እንስሳት ስሜታቸውን እንዴት እንደሚገልጹ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ለእኛ አንባቢዎች እዚያ ውስጥ አንድ ስጦታ አለ። ዳርዊን ከየአገሩ ምልክቶችን ሲሰበስብ ከአጼ ቴዎድሮስ ጋር የሠራው፣ ኋላም ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዝ አገር ያሳደገው ካፒቴን ስፒዲ፣ በእኛ አጠራር ባሻ ፈለቀ፣ ስለ ሐበሾች ነግሮታል። አዎ ለማለት ራሳቸውን ወደ ኋላ ከፍ አድርገው ቅንድባቸውን ለአፍታ ያነሣሉ ይላል። ቅንድቡን አንሥቶ የመለሰ ልጅ አልመለሰም ተብሎ ያውቃል፤ ምልክቱን የማያነብ ሰው ፊት እውነተኛ መልስም እንደ ዝምታ ይቆጠራል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኦስካር ረይላንደር ያነሣው የሚያለቅስ ሕፃን ምስል አለ። እጅግ ተወደደ፣ በብዛትም ተሸጠ። ኋላ ተመራማሪዎች እንደደረሱበት የታተመው ፎቶው ራሱ ሳይሆን እሱን አስመስሎ ተሥሎ እንደገና በካሜራ የተነሣ ሥዕል ነው። ሕፃኑ የምሩን አልቅሶ ነበር፤ ያስመሰለው አንሺው ነው።

መጽሐፉ ከወጣ ልክ በ100 ዓመቱ፣ በ1972፣ ሲልቪያ ቤልና ሜሪ ኤንስወርዝ በባልቲሞር የተከታተሏቸውን ሕፃናት ነገር አሳተሙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለለቅሷቸው ቶሎ የተደረሰላቸው ልጆች ዓመታቸው ሲዳረስ የሚያለቅሱት አነስ ያለ ሆኖ አገኙት። ሌሎች በኋላ ተከራክረውበታል፣ ሳይኮሎጂ የምትማሩ ታውቁታላችሁ። የደከመች እናት ልጇን አልጋው ላይ አስተኝታ ለጥቂት ደቂቃ ብትተነፍስም ነውር የለበትም። ስሙን ብቻ ማኒፑላጽያ አንበለው።

የዊሊያም ደብተር 37 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በ1877 አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ስለ ልጆች አፍ መፍታት የጻፈው ማይንድ በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ ዳርዊን የራሱን አስታወሰና በዚያው መጽሔት አሳተመው። ዊሊያም ያኔ ሳውዝሃምፕተን የሚሠራ የባንክ ሰው ሆኖ ነበር።

ዳርዊን ኤፕሪል 19 ቀን 1882 አረፈ፤ በዌስትሚኒስተር አቢይ ተቀበረ። ዊሊያም እንደ በኩር ልጅ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ራሱ የተመለጠ ስለነበረ ብርድ ተሰማው። ጥቁር ጓንቶቹን አወለቀና አናቱ ላይ አስቀመጣቸው፤ አገር ሁሉ እያየው ሥርዓቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጠ።