ብፁዕ አባ ሚካኤል ማክጊቭኒ፦ የመበለቶችና የሙት ልጆች አባት

ቤተ ክርስቲያን ምእመናንዋ ከምስጢራዊ ማኅበራት እንዲርቁ ማስጠንቀቅ ከጀመረች ረጅም ዘመን ሆኗታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀለሜንጦስ 12ኛ በ1738፣ ሊዮን 13ኛም በ1884 የፍሪሜሶንን ማኅበር በይፋ አውግዘዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወደዚህ ዓይነት ማኅበር የሚገባ ሰው ገና ያላወቀውን ነገር ለመሰወር በመሐላ ይታሰራል፤ ለማያውቃቸው አለቆች ኅሊናውን አሳልፎ ይሰጣል፤ የክርስቶስንም ወንጌል ከሌሎች አስተሳሰቦች እንደ አንዱ ብቻ ወደ መቁጠር ያዘነብላል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የተራበውን አያጠግብም። ይህን ጠንቅቀው የተረዱ የአንድ ካህን ሕይወት በዚህ እትም ልናስታውስ ወደናል።

አባ ሚካኤል ነሐሴ 12 ቀን 1852 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት፣ በዋተርበሪ ከተማ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለዱ። ከ13 ልጆች የበኩሩ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። በ13 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቁመው በናስ ፋብሪካ ማንኪያ በሚሠራበት ክፍል ተቀጠሩ። በ1868 ወደ ካናዳ ሄደው የዘርዐ ክህነት ትምህርት ጀመሩ። በ1873 ግን አባታቸው ስላረፉ ወደ ቤት ተመለሱ። የቤት ራስ ሲጎድል በቤተሰብ ላይ የሚደርሰውን በዚያን ጊዜ በገዛ ዐይናቸው አዩ። ቆይተውም በባልቲሞር ትምህርታቸውን ፈጽመው ታኅሣሥ 22 ቀን 1877 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

የመጀመሪያ አገልግሎታቸው በኒው ሄቨን የቅድስት ማርያም ቁምስና ነበር። በዚያ የነበሩት ምእመናን በአብዛኛው ድኾች የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አባት በሞተ ጊዜ መበለቲቱ ያለ መተዳደሪያ ትቀራለች፤ ልጆቿም ሊበተኑባት ይችላሉ። አባ ሚካኤል ራሳቸው በ1882 አንድ ወጣት ከቤተሰቡ እንዳይለይ በፍርድ ቤት ፊት ቀርበው አሳዳጊነቱን ተቀብለዋል።

ምስጢራዊ ማኅበራት ግን ለታመመ አባላቸው ገንዘብ፣ ለሟች ቤተሰብም እርዳታ ይሰጡ ነበር። ዕድር ለሐዘንተኛ ቤት ምን እንደሆነ የምናውቅ እኛ፣ ያ ሠራተኛ የገጠመውን ፈተና ለመረዳት አያዳግተንም። ወደ ማኅበሩ ቢገባ እምነቱን ይጎዳል፤ ባይገባ ልጆቹ ያለ ጧሪ ይቀራሉ።

አባ ሚካኤል ይህን ሰው በመገሠጽ ብቻ አልተወሰኑም። በቦስተንና በብሩክሊን የነበሩትን የካቶሊክ መረዳጃ ማኅበራት አሠራር አጥንተው፣ ከቁምስናቸው ምእመናን ጋር የኮሎምበስ ፈረሰኞች የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ መጋቢት 29 ቀን 1882 በግዛቲቱ ሕግ ጸደቀ። አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ አባል አንድ ዶላር ያወጣ ነበር፤ የተሰበሰበውም ለመበለቲቱ ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት ለካህናት በጻፉት ደብዳቤ፣ ዋናው ዓላማ ምእመናን ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ጥቅም አግኝተው ከምስጢራዊ ማኅበራት እንዲጠበቁ መሆኑን ገልጸዋል።

አዲሱ ማኅበርም የራሱ የአቀባበል ሥርዓት ስለ ነበረው በጥርጣሬ የተመለከቱት አልጠፉም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነበር፤ አባላቱ ለእምነታቸው የታመኑ ካቶሊኮች ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የሚሰወር መሐላም የለባቸውም። በ2020 የአቀባበሉ ሥርዓት ቤተሰብና ወዳጅ ባሉበት እንዲፈጸም ሆኗል።

በ1884 የቶማስተን ቆሞስ ሆነው የተሾሙት አባ ሚካኤል፣ በሳንባ ምች ታመው ነሐሴ 14 ቀን 1890 በ38 ዓመታቸው ዐረፉ። ጥቅምት 31 ቀን 2020 በሃርትፎርድ ብፅዕናቸው ታወጀ፤ መታሰቢያቸውም ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል።

ቤተ ክርስቲያን ክልከላዋን በ1983 እንዲሁም በ2023 በድጋሚ አጽንታለች። እኛም ይህን ትምህርት ስናስተምር የብፁዕነታቸውን ምሳሌ አንርሳ። ወንድማችንን ወደዚያ በር አትሂድ ስንለው፣ የራሳችንን በር ከፍተን እንጠብቀው። በቁምስናችን ያለችው መበለት ደጋፊ እንዳላት ታውቅ ዘንድ እንትጋ። ጸሎታቸው ይርዳን፤ አሜን።