ለአባቱ እንቢ ያለው ኬሚስት

ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ሕግ እንድትማር የምመክርበትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እኔም ሕግ ያጠናሁት በአባቴ ምርጫ ነው፤ እንጀራዬ ስለሆነ አላማርርም። ግን ሰሞኑን የቶማስ ግራሃምን ሕይወት ሳነብ ምክሬን ማንሳት ከበደኝ።

ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ቀላል ጋዝ ከከባዱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሰራጭ የሚነግረን፣ በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የግራሃም ሕግ የእሱ ነው። አዋጅ ሲሻርና ሲሻሻል እያየን ላረጀን የሕግ ሰዎች የሚያስቀና ሕግ ነው።

ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1805 በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ተወለደ። ባለጸጋ ነጋዴ የነበሩት አባቱ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ቆርጠው ነበር። ልጁ ግን በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በኬሚስትሪ ፍቅር ተያዘ። አባትየው ተቆጥተው ገንዘብ ከለከሉት። እናቱና እህቱ እየደገፉት፣ እሱም እያስተማረና እየጻፈ ኖረ። በጽሑፍ ባገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ ለሁለቱ ስጦታ ገዛላቸው።

በ1837 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር፣ በ1841 የለንደን ኬሚካል ሶሳይቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1855 ደግሞ ኒውተን ይዞት በነበረው ወንበር፣ በእንግሊዝ መንግሥት የሳንቲም ማምረቻ የበላይ ኃላፊነት ተሾመ። ከእኛ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ወንበር ካገኘን መጽሐፍ መግለጥ እናቆማለን። እሱ ግን ታላቁን ሥራውን ያወጣው በ1861፣ በ55 ዓመቱ፣ በዚሁ ወንበር ላይ ሳለ ነው።

ሙከራው የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። የሶዲየም ሲሊኬት ሟሟን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ጨመረ። ድብልቁን፣ ግርጌው ብራና በሚመስል ወረቀት በተወጠረ ቀለበት ውስጥ አድርጎ በንጹሕ ውሃ ላይ አንሳፈፈው። ጨውና ትርፍ አሲድ በወረቀቱ አልፈው ወጡ፤ ሲሊካው ቀረ። ውሃ የሚመስለው ፈሳሽም ቆይቶ እንደ እርጎ ረጋ። የአሉሚኒየም፣ የብረት፣ የቲታኒየምና የቆርቆሮ ኦክሳይዶችንም እንዲሁ አዘጋጀ። ማጣሪያውን ዳያሊሲስ አለው፤ ፈሳሹን ሶል፣ የረጋውን ጄል ብለን የምንጠራውም ከእሱ ወርሰን ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሴራሚክ በተለመደው መንገድ ሲሠራ የኦክሳይድ ዱቄቶች ተቀላቅለው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይጋገራሉ፤ ይፈጫሉ፤ ብዙ ጊዜም ዳግመኛ ይጋገራሉ። ደረቅ ቅንጣቶች የሚገናኙት በገጻቸው ብቻ ስለሆነ፣ ውስጥ ለውስጥ እንዲዋሃዱ ብርቱ እሳት ይፈልጋሉ። በጄል መንገድ ግን ውህደቱ ገና በፈሳሹ ውስጥ አልቋል። ደርቆ በጥቂት መቶ ዲግሪዎች ሲሞቅ፣ ብዙ ኦክሳይዶች ደቃቅና ወጥ ዱቄት ሆነው ይወጣሉ። መንገዱን የጠረገው ግራሃም ብቻ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ኤበልማን በ1840ዎቹ ከሲሊከን ውህድ ያለ እሳት መስታወት መሰል ነገር አግኝቶ ነበር። በ1960ዎቹ የአሜሪካው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የቶሪየም ኦክሳይድ የኑክሌር ነዳጅ በሶልና ጄል ዘዴ አዘጋጀ።

ዳያሊሲስ የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው ኩላሊቱ የደከመ ዘመድ ሲኖረን ነው። በ1943 ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ የሰው ደም ያጠራበት መሣሪያ የቆመው፣ በዚያ ተንሳፋፊ ቀለበት በታየው መርህ ላይ ነው።

ግራሃም በ1869 ሲሞት ከሁለቱ አንዱንም አላየም። ያኔ ሰውየው ሲፈልግ የነበረው የሴራሚክ ዱቄትም የኩላሊት መድኃኒትም አልነበረም፤ አንዳንዱ ነገር በወረቀቱ ሲያልፍ ሌላው ለምን እንደሚቀር ማወቅ ብቻ ነበር። በ1872 ሐውልቱ በግላስጎው ጆርጅ አደባባይ ተተከለለት።

አባቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለልጃቸው እንጀራ ነበር ያሰቡት፤ እንደ አባቴ፣ እንደ እኔም። ልጄን ግን መጀመሪያ ልጠይቃት ወስኛለሁ፤ ስትመልስም ሳላቋርጥ እሰማታለሁ።