ቤንጃሚን ፍራንክሊን በባዕድ አገር፤ ከመጻሕፍትና ከሰንጠረዥ ጋር ያሳለፈው ሕይወት

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ሲነሣ የሙያ ባልደረቦቻችን በመጀመሪያ የሚያስታውሱት የመብረቅን ኤሌክትሪክነት ያስረዳውንና የመብረቅ መከላከያ ዘንግን የፈለሰፈውን ሊቅ ነው። የታሪክ ተከታታዮች ደግሞ የአሜሪካን ነፃነት ካስገኙት መሪዎች አንዱን ያስታውሳሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከ84 ዓመት ዕድሜው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህሉን ከአገሩ ውጭ በለንደንና በፓሪስ አካባቢ ያሳለፈ ስደተኛ መሳይ እንግዳ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚያ ረጅም የእንግድነት ዘመን ከእጁ ያልተለዩት ሁለት ነገሮች መጽሐፍና በተለምዶ ቼዝ የምንለው የሰንጠረዥ ጨዋታ ነበሩ። ከመካከላችን ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር ተሻግረን የኖርን ብዙዎች ስለሆንን፣ የዚህ ሰው የዕረፍት ሰዓት ምን እንደ ጠቀመውና ምን እንዳስከፈለው መመርመር ለእኛም የሚበጅ ይመስላል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን በ1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና በመሥራት የሚተዳደር ሰው ሲሆን፣ ከ17 ልጆቹ መካከል ቤንጃሚን 15ኛው ነበር። ለትምህርት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሠራተኛ ሆነ። በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ከመጻሕፍት ሻጮች ተለማማጆች ጋር ተወዳጅቶ፣ ማታ የተዋሰውን መጽሐፍ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ጠዋት ሳይቆሽሽ ይመልስ ነበር። ሥጋ መብላትንም ሲተው፣ ወንድሙ ለምግቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሹ ለራሱ እንዲሰጠው ተስማማ። ከዚያም ላይ እንደገና ግማሹን እያተረፈ መጽሐፍ ይገዛበት ጀመር። ሌሎቹ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ እርሱ በዳቦና በዘቢብ ረሃቡን አስታግሦ የቀረውን ጊዜ ለንባብ ያውለው ነበር።

በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ወደ ፊላደልፊያ ኮበለለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1724፣ የፔንሲልቫኒያ ገዥ የማተሚያ መሣሪያ መግዣ የብድር ደብዳቤ እሰጥሃለሁ ብሎት ወደ ለንደን ተጓዘ። እዚያ ሲደርስ ግን ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳልተላከ ተረዳ። ዘመድ በሌለበት፣ ገንዘብም ባልነበረበት ከተማ የቀረው ሀብት የእጁ ሙያ ብቻ ነበር። በታወቁ ማተሚያ ቤቶች ተቀጥሮ ሲሠራ የተከራየው ክፍል ያገለገሉ መጻሕፍት በብዛት ከሚሸጥ ዊልኮክስ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ አጠገብ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚያከራይ ቤተ መጻሕፍት ገና አልተለመደም። ፍራንክሊን ግን ከነጋዴው ጋር በመጠነኛ ዋጋ ተዋውሎ የፈለገውን መጽሐፍ እየወሰደ ማንበብና መመለስ ጀመረ። የተታለለው ወጣት ወደ ምሬት እንዳይወርድ ያገዘው አንዱ ነገር ይህ ውል ነው ማለት ይቻላል።

በ1726 ወደ ፊላደልፊያ ሲመለስ ከለንደን ያመጣው ትርፍ ገንዘብ አልነበረም። ያመጣው አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም መጽሐፍ ለብቻ ከሚያዝ ይልቅ በጋራ ቢያዝ ለብዙ ሰው ይተርፋል የሚለው ነው። በ1727 የእጅ ባለሙያዎችና ወጣት ነጋዴዎች በሳምንት አንድ ማታ የሚወያዩበትን ጁንቶ የተባለ ክበብ አቋቋመ። በ1731 ደግሞ 50 አባላት እያንዳንዳቸው መጀመሪያ 40 ሽልንግ፣ ከዚያም በየዓመቱ 10 ሽልንግ እንዲያዋጡ አድርጎ ላይብረሪ ካምፓኒ የተባለውን የጋራ ቤተ መጻሕፍት መሠረተ። ይህ ተቋም ዛሬም አለ። መጻሕፍቱን ከለንደን መርጦ በመላክ ይረዳቸው የነበረው ነጋዴው ፒተር ኮሊንሰን፣ በ1740ዎቹ አጋማሽ ለኤሌክትሪክ ሙከራ የሚያገለግል የመስታወት ቱቦ ከነአጠቃቀሙ ላከላቸው። ፍራንክሊን ወደ ኤሌክትሪክ ምርምር በሙሉ ልቡ የገባው በዚያ ቱቦ ነው። እንግዲህ የኛ ሙያ ከሚኮራባቸው ግኝቶች አንዱ ለቤተ መጻሕፍት ሲባል በተመሠረተ ወዳጅነት በኩል መጣ ማለት ነው።

ሰንጠረዥንም ቢሆን ከትምህርት ጋር ያጣመረው ገና በአገሩ ሳለ ነበር። በ1733 ገደማ ፈረንሳይኛ ከተማረ በኋላ ጣሊያንኛ ሲጀምር፣ ያንኑ ቋንቋ የሚማር አንድ ወዳጁ በየጊዜው ለሰንጠረዥ ይጋብዘው ነበር። ጨዋታው የጥናቱን ሰዓት እየበላ መሆኑን ሲያይ አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ያሸነፈው ለተሸነፈው የሰዋስው ወይም የትርጉም ሥራ ያዝዛል፤ ተሸናፊውም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሠርቶ ይመጣል የሚል ነው። የሁለቱም ችሎታ ተቀራራቢ ስለነበረ እየተሸናነፉ ቋንቋውን ለመዱት። ጨዋታን መከልከል ሳይሆን ለሥራ መግራት የፍራንክሊን ጠባይ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

በ1757 የፔንሲልቫኒያ ምክር ቤት ወኪል ሆኖ እንደገና ወደ ለንደን ተላከ። ለአጭር ጊዜ ወደ አገሩ ከመመለሱ በስተቀር እስከ 1775 የኖረው በዚያ ነበር። በክሬቨን ጎዳና ማርጋሬት ስቲቨንሰን በተባለች ባል የሞተባት ሴት ቤት ክፍሎች ተከራይቶ፣ ልጅዋን ሜሪን እንደ ራሱ ልጅ እየመከረ፣ ስለ ንባቧና ስለ ሳይንስ ደብዳቤ እየተጻጻፈ ሁለተኛ ቤተሰብ አበጀ። መጻሕፍት ሰበሰበ፤ በሮያል ሶሳይቲ ስብሰባዎች ተካፈለ፤ ማታ ማታም ከወዳጆቹ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት ነበር። ለእንግዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ኑሮ አይገኝም።

ባሕር ማዶ ግን ሌላ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ዲቦራ የባሕር ጉዞ ስለምትፈራ አብራው ልትመጣ አልፈቀደችም። እርሱ ደግሞ መመለሻውን ከዓመት ዓመት አዘገየ። ልጁ ሳራ በ1767 ስታገባ አባቷ በሠርጉ ላይ አልነበረም። ከ1764 መጨረሻ ጀምሮ ባልና ሚስቱ ዳግም ሳይተያዩ አሥር ዓመት አለፈ።

በ1774 መጨረሻ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ ወደ ጦርነት እያመሩ ሳለ፣ አንዲት ታላቅ ወይዘሮ ከፍራንክሊን ጋር ሰንጠረዥ ለመጫወት እንደምትፈልግ መልእክት ደረሰው። ይህች ሴት የአድሚራል ሎርድ ሃው እኅት ካሮላይን ሃው ነበረች። ፍራንክሊን ቤቷ ሄዶ ተጫወተ፤ ስለ ሒሳብ ጥያቄዎችም ተወያዩ፤ እውቀቷም አስደነቀው። በሁለተኛው ጉብኝት ወሬው ወደ ፖለቲካ ዞረ። በዚያ ዓመት በገና ዕለት ማታ ወንድሟን አስተዋወቀችው። የሰንጠረዡ ጨዋታ በተቃራኒ ወገን ያሉ ሁለት ሰዎች ሐሜት ሳያስነሡ ተገናኝተው የሰላም መንገድ እንዲፈልጉ የተዘረጋ መጋረጃ ነበር። ድርድሩ ግን አልሠመረም። ፍራንክሊን በማርች 1775 ወደ አገሩ ሲሳፈር ተስፋው ተሟጥጦ ነበር፤ ገና በባሕር ላይ ሳለም ጦርነቱ ተጀመረ።

በዚያው የገና ሰሞን ሌላም ነገር ሆኗል። ዲቦራ በዲሴምበር 19 ቀን 1774 በፊላደልፊያ አርፋ ነበር። መርዶው ባሕር ተሻግሮ እስኪደርሰው ድረስ ሳምንታት አለፉ። ባለቤቷ በሰንጠረዡ ገበታ ዙሪያ የሁለት አገሮችን ዕርቅ ሲፈልግ የገዛ ቤቱ መፍረሱን አያውቅም ነበር። የሕይወት ታሪኩን በምስጋና ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም።

በ1776 መጨረሻ፣ በ70 ዓመቱ፣ የአዲሲቱ አገር መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ሄደና ከፓሪስ ወጣ ባለችው ፓሲ በምትባል መንደር ተቀመጠ። ከመጻሕፍት የተማረውን ፈረንሳይኛ በጨዋታና በወግ አሻሻለው። ሰንጠረዥ የብዙ ቤቶችን በር ከፈተለት። አንድ ማታ በጎረቤቱ በማዳም ብሪዮን ቤት ከሌላ ጎረቤት ጋር እስከ ሌሊት ሲጫወት፣ በእንጨት በተከደነ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆና ጨዋታውን ትመለከት የነበረችው የቤቱ እመቤት ከውኃው ሳትወጣ ብዙ ቆየች። ፍራንክሊንም በኋላ ደብዳቤ ጽፎ ይቅርታ ጠየቃት። በዚህ ዓይነት ኑሮ መካከል ግን ዋናው ሥራ አልተጓደለም። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1778 ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈረመ፤ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1783ም ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የሰላም ውል ጸና።

ሰውነቱ ግን ዋጋውን ከፈለ። ሪህና የፊኛ ጠጠር ያሠቃዩት ነበር። በ1780 ከሪሁ ጋር የተነጋገረ አስመስሎ አንድ አስቂኝ ጽሑፍ ሲጽፍ፣ በሽታው ከምሳ በኋላ በእግር መሄድ ሲገባው ሰንጠረዥ ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ እንደሚውል እያነሣ እንዲወቅሰው አድርጓል። በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ጥፋቱን የማያውቅ አይደለም።

ስለዚሁ ጨዋታ በፓሲ ሳለ ያሰናዳው፣ የሰንጠረዥ ግብረ ገብ የተባለው ጽሑፍ በዲሴምበር 1786 በፊላደልፊያ መጽሔት ታተመ። ጨዋታው አርቆ ማየትን፣ ዙሪያ ገባውን መመርመርን፣ ሳይቸኩሉ መጠንቀቅን፣ ከዚህም ሌላ በክፉ ጊዜ ተስፋ አለመቁረጥን እንደሚያስተምር ያትታል። ባላጋራን ማጣደፍ፣ ጣት ጠረጴዛ ላይ እየመቱ ማወክ፣ ሲያሸንፉም መታበይ ነውር ነው ይላል። ተመልካችም ዝም ማለት አለበት። ይህ የመጨረሻው ምክር በአገራችን በቆየው ሰንጠረዥ ዘንድ የሚዋጥ አይመስልም። በእኛ ደንብ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ዙሪያውን የተቀመጠውም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር ነበር። ፓሲ የጨዋታውን ጸጥታ ሲያከብር የእኛ አዳራሽ ሸንጎነቱን አክብሯል ማለት ነው።

በፈረንሳይ ቆይታው ማብቂያ፣ በማሳቹሴትስ በስሙ የተሰየመች አንዲት አነስተኛ ከተማ ለቤተ ክርስቲያንዋ ደወል እንዲሰጣት ጠየቀችው። እርሱ ግን ደወሉን ትቶ በ1785 ለንደን ለሚኖር ወዳጁ ለሪቻርድ ፕራይስ ጽፎ መጻሕፍት እንዲመርጥለት አደረገ። ለከተማይቱ የተሰጡት 116 ጥራዞች ለነዋሪዎቿ የጋራ ንብረት ሆኑ። በለንደን ከዊልኮክስ ሱቅ መጽሐፍ ይከራይ የነበረው ልጅ፣ ካደገና ከከበረ በኋላም ያን ችግር አልረሳም።

በዚያው ዓመት፣ በ79 ዓመቱ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፊላደልፊያ ተመለሰ። ቤቱን አስፍቶ ከ4,000 በላይ ለሚሆኑ ጥራዞቹ ክፍል ሠራ፤ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ የሚያወርድ ረጅም የእንጨት ክንድም ፈለሰፈ። ሜሪም ልጆችዋን ይዛ ከለንደን መጥታ በአቅራቢያው ተቀመጠች። በክረምት ምሽቶች ካርታ ሲጫወት ጊዜውን በከንቱ ማጥፋቱ አንዳንዴ ቅር ያሰኘው እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ነፍስ የማትሞት ከሆነች ጊዜን ይህን ያህል መሰሰት እንደማያሻ በማሰብ ራሱን እንዳጽናና በደብዳቤው ገልጿል። በኤፕሪል 17 ቀን 1790 አረፈ።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው መጽሐፍንና ጨዋታን ብቸኝነቱን መሸሸጊያ ብቻ ካደረጋቸው ጊዜውን ይበሉታል። ከሰው መገናኛ፣ ቋንቋ መማሪያ፣ ለወገን የሚተርፍ ነገር መሰብሰቢያ ካደረጋቸው ግን ሥራ ናቸው። ፍራንክሊን በዚህ በኩል የተሳካለት ሰው ነበር። በሌላው በኩል ግን፣ በባዕድ ቤት የተገኘ ደስታ ምን ያህል ቢያምር፣ በአገር ቤት የሚጠብቅ ሰው ያለውን የጊዜ ወሰን አያራዝምም። ሰንጠረዥ አርቆ ማየትን ያስተምራል ያለው ሰው ራሱ፣ ከፊቱ የነበረውን ይህን አንድ እርምጃ ሳያየው ቀርቷል። ከእርሱ ታላቅነት የምንማረውን ያህል ከዚህም ጉድለቱ ብንማር፣ ከባሕር ማዶ ስንመለስ በጓዛችን ከምናመጣቸው መጻሕፍት ጋር ደጃችን ላይ የሚቀበለን ሰው እናገኛለን።