ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እና የነፃ ፈቃድ ትምህርቱ

በንስሓ አባትነት የሚያገለግል ካህን ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም፤ ይኸውም እግዚአብሔር ቸርና ሁሉን የሚችል ከሆነ ክፋት እንዴት ሊሠለጥን ቻለ የሚለው ነው። ልጁን የቀበረ አባት፥ ፍርድ የጐደለባት መበለት ይህን ይጠይቃሉ። ብዙ ሊቃውንት በዚህ ነገር ጽፈዋል፤ ነገር ግን ዮሐንስ አፈ ወርቅ የጻፈው በግዞት ሆኖ ነውና ታሪኩን ባጭሩ እንናገራለን። ዓመታቱን የቈጠርነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ተወለደ። አባቱ የጦር ሹም ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ መበለት ሆና ሌላ ባል ሳታገባ አሳደገችው። የንግግርን ጥበብ ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ ተማረ። ከተጠመቀም በኋላ ሊመንን ቢነሣ፥ እናቱ ሁለተኛ መበለትነት እንዳያመጣባት በእንባ ስለ ለመነችው ለጊዜው ተወው። ኋላ ግን ወደ ተራራ ወጥቶ 4 ዓመት ከአንድ አረጋዊ መነኵሴ ጋር፥ 2 ዓመትም በዋሻ ብቻውን ተቀመጠ። ከትጋትና ከብርድ ብዛት የተነሣ ሆዱና ኵላሊቱ ስለ ታመሙ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ የተሟላ ጤና አላገኘም።

በዚያ ዘመን ስታጊርዮስ የተባለ የባለጸጋ ልጅ ዓለምን ንቆ መንኵሶ ነበር። ከመነኰሰ በኋላ ግን የሚጥል ጋኔን ያዘው፤ ራሱን ለመግደል እስኪያስብ ድረስም ተስፋ ቈረጠ። ይልቁንም ያሳዘነው፥ በተድላ ሲኖር ያልነካው መቅሠፍት ራሱን ለእግዚአብሔር ከሰጠ በኋላ መምጣቱ ነበር። ዮሐንስ እርሱ ራሱ ታሞ ስለ ነበረ ሄዶ ሊጐበኘው አልቻለም፤ ስለዚህ ሦስት መጻሕፍት ጽፎ ሰደደለት። ከአዳም ጀምሮ ቅዱሳን የተቀበሉትን መከራ እየቈጠረ፥ ከጋኔኑ ይልቅ የሚጐዳው ኀዘንና ቀቢጸ ተስፋ መሆኑን አስረዳው። ጋኔን ሥጋን ቢጥል፥ ነፍስ ግን ካልፈቀደች አትወድቅምና።

በ381 ዓ.ም. ዲያቆን፥ በ386 ዓ.ም. ቄስ ሆነ። በአንጾኪያ የማኒ ተከታዮች ክፋት የራሱ መገኛ አለው፥ ሥጋም በባሕርዩ ክፉ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ሌሎችም ኀጢአታቸውን ሁሉ በሰይጣን ያመካኙ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬም አልታጣም። ዮሐንስ ለሁለቱም መልስ ሰጠ። ክፋት እግዚአብሔር የፈጠረው ባሕርይ አይደለም፥ ከፈቃድ መዘንበል የሚገኝ ነው እንጂ። ለዚህም አዳምንና ኢዮብን አነጻጸረ፤ አዳም በገነት ምንም ሳይጐድለው ወደቀ፥ ኢዮብ ግን በዐመድ ላይ ተቀምጦ በቍስል ተመትቶ ድል ነሣ። ፈታኙ አንድ ነው፤ የተለየው የተፈታኞቹ ፈቃድ ነው።

በ398 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ መንበር ተሾመ። ባለጸጎችን በመገሠጹ ንግሥት አውዶክስያ ጠላችው፤ ስንክሳራችንም የመበለቲቱን የወይን ቦታ ነገር ይተርካል። በ403 ዓ.ም. የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ በሰበሰበው ጉባኤ ከመንበሩ ተሻረ። ቴዎፍሎስም በስንክሳር የሚታሰብ አባት ስለ ሆነ፥ ይህን ስንጽፍ ልባችን ያዝናል፤ ነገር ግን የሆነውን መደበቅ አይገባም። ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ በ404 ዓ.ም. ዳግመኛ ወደ አርመን አገር ወደ ኩኩሶስ ተጋዘ። በዚያም ብርዱና ሽፍቶቹ አስጨነቁት።

በቍስጥንጥንያ የቀሩት ልጆቹ፥ በእርሱ ምክንያት የሚሰደዱት፥ የእግዚአብሔርን ዝምታ አይተው ይናወጡ ጀመር። ለእነርሱና ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ ከግዞት የጻፈው፥ ራሱን ካልጐዳ በቀር ሰውን ማንም ሊጐዳው እንደማይችል ነው። አልዓዛርን ድህነት አልጐዳውም፤ ሠለስቱ ደቂቅን ምርኮና እሳት አልጐዳቸውም፤ ይሁዳን ግን ከጌታ ጋር መኖር አልጠቀመውም። በሌላው መጽሐፉ ደግሞ እርሻ የማያውቅ ሰው ገበሬው ያከማቸውን ስንዴ በጭቃ ላይ ሲበትን ቢያይ ያበደ እንደሚመስለው ተናገረ፤ እንዲሁም የመግቦትን ፍጻሜ ሳያዩ መፍረድ እንደማይገባ፥ መስቀሉም አስቀድሞ ማሰናከያ መስሎ መታየቱን አስተማረ።

ጠላቶቹ ሰው ወደ እርሱ መሄድ አለማቋረጡን ስላዩ፥ በ407 ዓ.ም. በጥቍር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጲጥዩስ እንዲወሰድ አስፈረዱ። ወታደሮቹ በፀሐይና በዝናብ ሦስት ወር ያህል በእግር ነዱት። በኮማና አጠገብ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ባደረ ሌሊት፥ ሰማዕቱ ተገልጦ በማግስቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። በማግስቱም ነጭ ልብስ ለብሶ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ፥ ስለ ሁሉ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ዐረፈ።

በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ፤ ይህንም ፍልሰት ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን ታከብራለች። በዚያ ቀን የአውዶክስያ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ግንባሩን በሣጥኑ ላይ አድርጎ፥ አባቱና እናቱ ስለ ሠሩት በደል ይቅርታ ለመነ።