ፒዬሮ ዱሲዮና የቺሲታሊያ አጭር ዕድሜ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በኢጣሊያ ከተቋቋሙት የውድድር መኪና ፋብሪካዎች መካከል ቺሲታሊያ ዕድሜው ያጠረ፣ ስሙ ግን የቆየ ነው። መሥራቹ ፒዬሮ ዱሲዮ በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአስቲ አካባቢ ተወለደ። ለጁቬንቱስ እግር ኳስ ሲጫወት ቆይቶ በጉልበት ጉዳት ካቆመ በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ በለጸገ። በ1938 በሚሌ ሚሊያ የመኪና ውድድር ሦስተኛ ወጣ፤ ከ1941 ጀምሮም የቀድሞ ክለቡን በፕሬዚዳንትነት መራ።

ጦርነት ባደኸያት አገር ዱሲዮ የመረጠው ዘዴ ወጪ ቆጣቢ ነበር። የፊያት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮሳ የነደፈለት ዲ46 ሞተሩን የወሰደው ከተራው ፊያት 1100 ሲሆን፣ አዲስነቱ ከብረት ቱቦ በተበየደው ቀላል አጽሙ ላይ ነበር። በሴፕቴምበር 1946 በቶሪኖ በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ዱሲዮ ራሱ ነድቶት አሸነፈ።

በ1947 ፒኒንፋሪና ለ202 ሞዴል አዲስ አካል ሠራ። ቀድሞ ኮፈን፣ ፓራፋንጎና የፊት መብራት ለየብቻ ጎልተው ይታዩ ነበር፤ በ202 ግን በአንድ ወጥ ገጽ ተዋሐዱ። በላስታ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለውን የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ለሚያውቅ አንባቢ የወጥነቱ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም፤ አሠራሩ ግን ይለያል፤ ያ ዐለት ተቀንሶለት፣ ይህ ቆርቆሮ በእጅ ተቀጥቅጦለት የተገኘ ነው። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም መኪናውን በ1951 ለዕይታ አቅርቦታል።

በእጅ የሚቀጠቀጥ መኪና ግን በብዛት አይመረትም፤ የተሠሩት 202ዎች ከ200 አልበለጡም። ይህ ገቢ ውሱን ሆኖ ሳለ፣ ዱሲዮ በ1947 ለፖርሽ ቢሮ የግራንድ ፕሪ መኪና አዘዘ። መኪናው ባለ 12 ሲሊንደር፣ 1.5 ሊትር ሞተር ያለውና በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ ነበር። ክፍያው በፈረንሳይ ታስሮ የነበረውን ፈርዲናንድ ፖርሽን ለማስፈታት እንደረዳ ይነገራል፤ ወጪው ግን ቺሲታሊያን ለኪሳራ ዳረገው። በ1949 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ተስኖት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። ዱሲዮ ወደ አርጀንቲና ተሻገረ፤ መኪናውም ወደዚያው ተጓጓዘ፤ ይሁንና በአንድም የግራንድ ፕሪ ውድድር አልተሰለፈም። ዱሲዮ በ1975 በቦነስ አይረስ ዐረፈ።

እንግዲህ የቺሲታሊያ መውደቅ የመኪኖቹን ድክመት አያመለክትም። ፋብሪካው የቆመው በእጅ ባለው ዕቃ አዲስ ነገር በመሥራት ነበር፤ የወደቀውም ያንን ዘዴ ትቶ ገቢው የማይሸከመውን ማሽን በጀመረ ጊዜ ነው።