የኮምፒውተሮቻችንን ዲስኮች በፊደል የሰየመው ጋሪ ኪልዳል ማን ነበር?

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመቀስቀሱ በፊት፣ የካርቱሙ ዴም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነበር።

ከዚያ የሸሸ ሰው ሰነዶቹንና የሚሠራበትን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ወጥቶ ከሆነ አንድ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ዴም በነበረው ኮምፒውተር ላይ 'ኢ' ይባል የነበረው ፍላሽ፣ አዲስ አበባ ወይም ካይሮ ሲደርስ 'ኤፍ' ይባላል። ፋይሎቹን 'ኢ' ላይ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም፣ አጠገቡ እያሉ አጣኋቸው ይላል።

ዲስክን በፊደል የመጥራትን ልማድ ወደ ግል ኮምፒውተሮች ያመጣው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ነው።

ኪልዳል እአአ በ1942 በሲያትል ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ ማወቅ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው። እሱም በዚያ አስተምሯል።

በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያዋ ሞንትሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1974 ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና ሠራ። ከባለቤቱ ዶሮቲ ጋር ያቋቋመው ኩባንያም ዲጂታል ሪሰርች ተባለ።

በዚያ ዘመን የየአምራቹ ማሽን የተለያየ ስለነበር፣ አንድ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ እንደገና መሰናዳት ነበረበት። ኪልዳል የማሽኑን ልዩ ጠባይ ባዮስ በተባለ ክፍል ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ስለ ማሽኑ ሳይጨነቅ፣ የዲስኩን ፊደልና የፋይሉን ስም ብቻ መጥራት በቃው።

በ1980 አይቢኤም ለአዲሱ ኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ፍለጋ ወደ ኪልዳል ኩባንያ መጣ። ንግግሩ ግን ሳይሰምር ቀረ። ዕድሉ ለማይክሮሶፍት ሆነ፤ ኩባንያው ገዝቶ ያቀረበው ዶስ አሠራሩ ከሲፒ/ኤም ጋር በእጅጉ ይመሳሰል ነበር። የዲስክ ፊደሎቹም አብረው ተሻገሩ። 'ኤ' እና 'ቢ' ለፍሎፒ ዲስኮች በመያዛቸው፣ ዛሬም በዊንዶውስ ዋናው ዲስክ 'ሲ' ይባላል።

ሲፒ/ኤም ማኅደር በማኅደር ውስጥ አያውቅም ነበር። ዶስ በ1983 ማኅደሮችን ሲያመጣ ግን የፋይል አድራሻ ረዘመ፤ የፕሮግራሙም ጥያቄ ከበደ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሦስተኛው ዶስ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ከየት እንደተነሣ ሙሉ አድራሻውን መንገር ጀመረ።

ሊኑክስና ማክ በበኩላቸው የዲስክ ፊደል የላቸውም፤ አድራሻው ሁሉ ከአንድ ሥር ይነሣል። የማኅደር መለያ ምልክታቸውም ከዊንዶውስ የተለየ ነው።

ስለዚህ በሁሉም ላይ እንዲሠራ የታሰበ ፕሮግራም አድራሻን በቃሉ አይዝም። በተነሣ ቁጥር ራሱ ያለበትን ቦታ ሥርዓተ ክወናውን ይጠይቃል፤ ፋይሎቹንም ከዚያ ቆጥሮ ይፈልጋል። በባሕር ላይ ያለ መርከበኛም እንዲሁ ነው፦ ወዴት እንደሚሄድ ከማሰቡ በፊት የት እንዳለ ያረጋግጣል።

ኪልዳል ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ስለ ኮምፒውተር የሚያወሳ የቴሌቪዥን ዝግጅት በጋራ ያቀርብ ነበር። ኩባንያውን በ1991 ኖቬል ገዛው። እሱም ሐምሌ 1994 ሞንትሬይ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰ ጉዳት በ52 ዓመቱ አረፈ።

በ2014 የኩባንያው መሥሪያ ቤት በነበረው የፓሲፊክ ግሮቭ ሕንጻ ዘንድ መታሰቢያ ተደረገለት። ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዴም እስከ አዲስ አበባ ዊንዶውስ ያለበትን ኮምፒውተር የከፈተ ሁሉ ግን የሰየመበትን ፊደል በየቀኑ ይጠራል።